ድሬ ላይ የዓሣ ገንዳ አረንጓዴ ሲሆን፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሳቢያን ያለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ 40 ሊትር የምትይዝ ገንዳ አለችኝ። ጋፒና ፕላቲ የሚባሉ ትንንሽ ዓሦች አሉባት፣ ጥቂት የውሃ ተክልም አለ። እንግዳ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። አረንጓዴ የሆነች ቀን ታዲያ ከሰላምታ ቀጥሎ የምሰማው "እጠባት እንጂ!" የሚለውን ነው። አንድ ዓመት ያህል አጠብኳት። ውሃውን ሙልጭ አድርጌ ደፍቼ፣ ጠጠሩን ፈትጌ፣ አዲስ እሞላለሁ፤ በሳምንቱ ተመልሳ አረንጓዴ ናት። አልጌ (ትምህርት ቤት "ዋቅላሚ" ይሉት የነበረው) ቆሻሻ ስላልሆነ በማጠብ አይጠፋም። ብርሃንና ምግብ የተረፈበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። ስለዚህ ስፖንጅ ከማንሳታችሁ በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ እዩ።

ውሃው ራሱ ቀለሙን ከለወጠ

ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ከገንዳው ቅዱና ነጭ ወረቀት ፊት አቁሙት። የሻይ ቀለም ካለው ገንዳው ውስጥ ለጌጥ ከተቀመጠ እንጨት የወጣ ነው፤ አይጎዳም። ወተት ጠብ ያለበት ከመሰለ ባክቴሪያ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው የፊልተሩን ስፖንጅ በቧንቧ ውሃ ስናጥብ ነው፤ የቧንቧው ክሎሪን ስፖንጁ ላይ ኖረው ውሃውን የሚያጸዱትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድልና ሌላ ዓይነት ባክቴሪያ ውሃው ውስጥ ይፈላል። ምግብ ቀንሳችሁ ተዉት፣ በጥቂት ቀን ይጠራል። ከእንግዲህም ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ብቻ እጠቡት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው አረንጓዴ ከሆነ ግን ባለ አንድ ሕዋስ ተንሳፋፊ አልጌ ነው፤ የድሬ ዋናው ችግርም ይኸው ነው።

መንስኤውን ሰዓት ቁጠሩና ታገኙታላችሁ። እኔ ቤት በርጫ (የጫት ቅሚያው) ከቀኑ 8 ሰዓት ይጀመራል፤ "አቦ፣ አብራትና እንያቸው!" ይባላል። ማታ ልጆቹ አጥፏት ሲባሉ ስለሚያኮርፉ እስከ 5 ሰዓት ትበራለች። ጠዋት ደግሞ በምሥራቁ መስኮት ፀሐይ ሦስት ሰዓት ያህል ያርፍባታል። ስደምረው 12 ሰዓት። ለትንሽ ገንዳ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይበቃል፤ እኔ አሁን ከቀኑ 10 እስከ ማታ 4 ብቻ በታይመር አበራለሁ። የበርጫው ሰዎች ሁለት ሰዓት ጨለማ ውስጥ ያሉ ዓሦችን ማየት ለመዱ።

መፍትሄው እንዲህ ነው፦ ገንዳዋን ከመስኮቱ አርቁ ወይም በመስኮቱ በኩል ያለውን መስታወት በካርቶን ጋርዱ። ከዚያ መብራቱን አጥፍታችሁ ሦስት ቀን ሙሉ በጥቁር ጨርቅ ወይም በጋቢ ሸፍኗት፤ ምግብም አትስጡ። ጤነኛ ዓሣ ሦስት ቀን ይጾማል። ስትገልጡ ከውሃው ከሲሶ እስከ ግማሽ ቀይሩ፤ የሞተው አልጌ ሲበሰብስ ለዓሣ መርዝ የሆነ አሞኒያ ይለቃልና።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የአየር ፓምፑ ሌሊቱንም ይሥራ። ውሃ ሲሞቅ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ 20 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 9 ሚሊግራም ያህል ይይዛል፣ 30 ዲግሪ ሲሆን 7.5 ገደማ ይወርዳል፤ 1,200 ሜትር ላይ ያለችው ድሬ ደግሞ ከዚያም ያንሳታል። ቀን ኦክስጅን የሚሰጠው አልጌ ሌሊት ራሱ ይጠቀማል። በአንድ የግንቦት ሌሊት መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ቆመ፤ ጎህ ሳይቀድ ብነሳ ዓሦቹ አፋቸውን ከውሃው ወለል ላይ አውጥተው ይጎርሳሉ፣ ሦስት ፕላቲዎች አልቀዋል። አሁን መብራት ሲጠፋ በኩባያ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ እመልሳለሁ፤ ባትሪ ያለው ፓምፕ ያላችሁ ደግሞ ተገላገላችሁ። ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ካለፈ ትንሽ ሃይላንድ ውሃ በረዶ አድርጋችሁ ክዳኑን እንደዘጋችሁ አንሳፍፏት፤ በአንድ ጊዜ ከሁለት ዲግሪ በላይ እንዳታወርዱ ብቻ።

ውሃው ጠርቶ ተክሉ ላይ ክር ካበቀለ

ይህ የምግብ ትርፍ ነው። ጎረቤት ልጆች ዳቦ ይፈረፍሩባታል፤ እኛም ስናልፍ ስናገድም ቆንጠር እናደርጋለን። በቀን አንዴ፣ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ ስጡ። ክሩን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እንደ ስፓጌቲ ጠቅልላችሁ አውጡት።

ሁለተኛው ምክንያት የድሬ ፀሐይ ነው። ውሃው ይተናል፣ እኛ እንሞላለን፣ ውሃ የቀየርን ይመስለናል። የሚተነው ግን ውሃው ብቻ ነው፤ ከዓሣ ኩስና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው፣ አልጌ የሚመገበው ናይትሬትና ጨዉ እዚያው እየተከማቸ ይሄዳል። ስለዚህ በየሳምንቱ ሩቡን ከታች በቱቦ ስባችሁ ድፉ፣ ከዚያ ሙሉ። የምትሞሉት ውሃ ክዳኑ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀን አድሮ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ከጣራ ሮቶ በቀትር የወረደ ከሆነማ በእጃችሁ ሳትነኩ እንዳትጨምሩ፣ ሻይ ለማፍላት የቀረበ ነው።

ምግቡን የሚሻማ ተክልም ጨምሩ። የእኛ ውሃ ጠጣር ነው፤ የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ማየት ይበቃል። ሆርንዎርትና ቫሊስኔሪያ እንዲህ ዓይነት ውሃ ይስማማቸዋል፣ በፍጥነትም ያድጋሉ።

ቡናማ ዱቄት መስታወቱ ላይ

አዲስ ገንዳ ከሆነ አትጨነቁ። ዲያቶም የሚባል ቡናማ አልጌ ነው፤ ያለቀ የኤቲኤም ካርድ ፋቅ ያደርገዋል፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላም በራሱ ይተዋል።

ጥቁር ጺም የቅጠል ጠርዝ ላይ

በእጅ ቢጎትቱት የማይለቅ፣ እንደ አኑቢያስ ያለ ዝግ ብሎ የሚያድግ ተክል ላይ የሚይዝ ነው። ጥቁር ቢመስልም ከቀይ አልጌ ወገን ነው። ፊልተር ሲደክምና ጠጠር ሥር ዝቃጭ ሲከማች ይበረታል። የተያዘውን አሮጌ ቅጠል ቁረጡ። ለእንጨትና ለድንጋይ ከፋርማሲ 3 በመቶ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ግዙ፤ ጠርሙሱ ላይ በመቶኛውን አንብቡ፣ ከዚህ የበረታም ይሸጣል። ፊልተሩን አጥፍታችሁ በሲሪንጅ ጺሙ ላይ ብቻ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፊልተሩን መልሱ። ለ40 ሊትር በቀን ከ10 ሚሊሊትር አልዘልም። በሁለት ሦስት ቀን ጺሙ ሮዝ ሲሆን ሞቷል ማለት ነው። በረኪና ግን ዓሣ ያለበት ገንዳ አጠገብ አይድረስ።

እንደ ልባስ የሚላጥና የሚሸት

ጠጠሩን የሸፈነ ሰማያዊ አረንጓዴ ንጣፍ፣ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ወረቀት የሚነሳ፣ የረጋ ኩሬ የሚሸት። ይህ አልጌ ሳይሆን ሳያኖባክቴሪያ ነው። ውሃ የማይንቀሳቀስበት ጥግ ይወዳል። በቱቦ ሳቡት፣ የፊልተሩን አፍ ወደዚያ ጥግ አዙሩ፣ ሦስቱን የጨለማ ቀን ድገሙ። ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን የሚበትን ሰው አውቃለሁ፤ አንቲባዮቲክ ግን ፊልተሩ ውስጥ ያሉትንም ባክቴሪያዎች ሊገድል ይችላል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አሞኒያ ከንጣፉ ይብሳል።

ነጭ መስመር ከውሃው ወለል በላይ

አልጌ አይደለም፣ የጠጣሩ ውሃ ኖራ ነው። ውሃውን ጥቂት ዝቅ አድርጉና ጨርቅ በአቼቶ ነክራችሁ ለአምስት ደቂቃ ለጥፉበት፤ ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ጨርቁን ጨመቅ አድርጉት።