ውሃ ይጎድላል፣ ጠብታ ግን የለም?

የቆየ የናፍጣ ጭነት መኪናችሁ የራዲያተር ውሃ እየጎደለበት መሬቱ ደረቅ ከሆነ፣ ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ለማስወረድ አትቸኩሉ። ትንሽ ፍሳሽ የጋለ ሞተር ላይ እዚያው ተንኖ ይጠፋል። ጠዋት ሳታስነሱ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ከስር ግቡ።

የውሃ ፓምፑ ከሆዱ በኩል ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ከእሷ ቁልቁል የወረደ፣ ነጣ ያለ ወይም የኩላንቱን (የራዲያተር ፈሳሹን) ቀለም የያዘ የደረቀ መስመር ካያችሁ የፓምፑ ሲል (ውሃ እንዳያፈስ የሚያሽገው ክፍል) አልቋል። ፓምፑ ይቀየር። ቀዳዳዋን በሲሊኮን የሚደፍን ሰው አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታድርጉት፣ ውሃው ወደ ኩሽኔታው (የፓምፑ ዘንግ ወደሚዞርበት) ይገባል።

ፓምፑ ደህና ከሆነ የጎማ ቱቦዎቹን ጫፍ ጫን ጫን አድርጉ። ከላሉ ወይም ከተሰነጠቁ ቀይሩ፤ አለዚያ ብዙ ጊዜ ማሰሪያውን ማጥበቅ ይበቃል።

የሞተር ዘይቱ ወተት ከመሰለ ግን ውሃ ገብቶበታል ማለት ነውና ጭራሽ አታስነሱ።