ድሬዳዋ ላይ ቤት ስንገዛ ሰፈር የሚያሳስቱን ነገሮች

ድሬ ላይ ቤት ፍለጋ ስምንት ወር ዞርኩ። ከስንት ደላላ ጋር እንደተዋወቅኩ አልቆጠርኩትም። ያየሁት ነገር ቢኖር ገዢ ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ሳሎኑን በእርምጃ ይለካል፣ ኮርኒሱን አንጋጦ ያያል፣ ቧንቧውን ይከፍትና ይዘጋል። ሰፈሩን ግን ከባጃጅ ወርዶ እስከ በሩ ባለችው ሃምሳ እርምጃ ብቻ ነው የሚያውቀው። ኮርኒስ ቢበላሽ አናጺ ትጠራለህ። ሰፈሩ ቢበላሽብህስ ማንን ትጠራለህ?

ድሬ ላይ አንቱታ አይሠራምና "አንተ" እያልኩ ስጽፍ አትቀየሙኝ። አንቺም ስታነቢ ወደ ራስሽ መልሰሽ አንብቢው።

በበጋ አይቶ መግዛት

ልገዛው ትንሽ የቀረኝ የመጀመሪያው ቤት ደቻቱ ዳር ነበር። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ከፍሎ የሚያልፍ ወንዝ ነው። በአንዱ በኩል ከዚራ፣ በሌላው በኩል መጋላ። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ዓመት ውሃ የለውም፤ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ፍየል ይሻገርበታል፣ ሰው ገበያ ሲሄድ ያቋርጠዋል። እኔ የሄድኩት በጥር ነው። ፊት ለፊቱ ሰፊ ሜዳ ያለው፣ ነፋስ የሚገባው ቤት ሆኖ ታየኝ። ዋጋውም ረከስ ያለ ነው። ደላላው "ፊት ለፊትህ ማንም አይሠራብህም" አለኝ። እውነቱን ነበር።

ጎረቤት አንዲት እናት በሯ ላይ ቡና እያፈላች ነበር። "ና አንተ ልጅ፣ ልትገዛው ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ተነስታ መዳፏን ግድግዳው ላይ፣ ትከሻዋ ጋ አሳረፈችው። "እዚህ ድረስ ነው የመጣው" አለች። ተመልሳ ቁጭ ብላ ማራገቧን ቀጠለች። ግድግዳው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ተቀብቷል፣ ምልክት የሚባል ነገር የለውም። እሷ ግን ቦታውን አልሳተችውም።

የ1998ቱን ጎርፍ ነው የምታወራው። ክረምት ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው የበላው።

ከሌላ አገር የሚመጣ ሰው የማይረዳው አንድ ነገር አለ። ደቻቱን የሚሞላው ድሬ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ብቻ አይደለም። በደቡብ በኩል፣ ወደ ሐረር ስትወጣ በደንገጎ የምታልፍበት ተራራማ አገር አለ። እዚያ ሲዘንብ ውሃው ቁልቁለቱን ይዞ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። አንተ ጋ ጠብ ሳይል አሸዋው ወንዝ ሊሆን ይችላል። ከ1998 በኋላ በወንዙ ዳር የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ቢሆንም በ2012 ሚያዝያ ላይ ጎርፍ እንደገና ሰው ገድሏል። ሚያዝያ የሚለውን ልብ በል። የድሬ ጎርፍ ሐምሌና ነሐሴን ብቻ አይጠብቅም፣ በበልግም ይመጣል።

እስከ ክረምት መጠበቅ ካልቻልክ የጎረቤቶችህን በር እይ። ሁሉም ደፋቸውን በሁለት ብሎኬት ከፍ አድርገው ከሠሩ መልስህን አገኘህ። የብረት በሮቹ ከታች ብቻ ዝገው ከሆነም እንደዚያው። ደቻቱን ብቻ ደግሞ አትፍራ። ወደ እሱ የሚገቡ ትንንሽ ቦዮች አሉ፤ በበጋ መንገድ ይመስላሉ፣ ሰው መኪና ያቆምባቸዋል።

በአንድ ሰዓት ብቻ ማየት

ድሬ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ትዘጋለች። ሱቁ ይከረቸማል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ገሚሱ ተኝቷል፣ ገሚሱ በርጫ ላይ፣ ጫት ይዞ ተቀምጧል። በዚህ ሰዓት ቤት ልታይ ከሄድክ (ደላላው ራሱ ከፍራሹ ከተነሳልህ ማለቴ ነው) "አቤት እንዴት ጸጥ ያለ ሰፈር!" ትላለህ። በዚያ ሰዓት ጸጥ ያላለ ሰፈር ድሬ ላይ የለም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ከተማዋ ትነቃለች። ያኔ ነው ሰፈሩ ማን እንደሆነ የሚነግርህ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ተመልሰህ ሂድ። ከጀርባህ ያለው ሱቅ መሳይ ነገር ማታ ሙዚቃ ቤት ሆኖ ልታገኘው ትችላለህ። ቤቱን ቀን ላይ አይቶ የገዛ አንድ ጓደኛዬ አሁን የሚተኛው ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ነው።

ግን እኩለ ቀን ላይም ሂድ፣ ለሌላ ጉዳይ። ድሬ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ከአዲስ አበባ በግማሽ ዝቅ ብላ። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ቀልድ የለውም። ከዚራ ላይ ዛፉ በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥላ ስለሚሆን በቀትርም በእግር ይኬዳል። አዳዲስ ሰፈሮች ውስጥ ብሎኬትና ቆርቆሮ እንጂ ዛፍ አታገኝም። 8 ሰዓት ላይ መንገዱ መሃል ቁምና ልጅህ ከትምህርት ቤት በዚህ በኩል ስትመጣ ይታይህ። ከዚያ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በእጅህ ንካው። አሁንም የሚያቃጥል ከሆነ የምዕራብ ፀሐይ ይመታዋል ማለት ነው፤ ለቬንትሌተርና ለመብራት ተዘጋጅ።

"ውሃ አለ?" ብሎ መጠየቅ

የሚመለስልህ "አለ" ነው፤ ሁሌም። ጥያቄው "ፈረቃችሁ ስንት ቀን ነው? ስንት ሰዓት ይቆያል? ሮቶ ላይ በራሱ ይወጣል ወይስ በፓምፕ?" መሆን አለበት። እሱንም ሻጩን አይደለም፣ ከሻጩ ሦስት ቤት ራቅ ብሎ ያለውን ሰው ጠይቀው። ወይም ቀና ብለህ ጣሪያዎቹን ቁጠር። በየቤቱ ሁለት ሁለት ሮቶ የተሰቀለበት ሰፈር ታሪኩን በጣሪያው ላይ ጽፎታል።

ውሃው ራሱ ከባድ ነው። ከጉድጓድ ስለሚወጣ ካልሲየም ይበዛዋል። የማንኛውንም የድሬ ቤት ማንቆርቆሪያ ገልብጠህ ብታይ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ይዟል። ይህ የከተማዋ ጉዳይ እንጂ የሰፈር ጉዳይ አይደለም፤ ቤት አያስጥልህም። የሻወር ማሞቂያህን ግን ይበላዋል።

"ሰፈሩ ሊያድግ ነው" የሚለውን መግዛት

ይህችን ደላሎች ይወዷታል። "እዚህ አስፋልት ሊገባ ነው።" "እዚህ ጋ ገበያ ሊመጣ ነው።" ድሬ ሰው ደግሞ ለባቡር ይሸነፋል፤ አይፈረድበትም። ከተማዋ የተወለደችው በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። አያቶቻችን ባቡር በቆመበት ከተማ ሲበቅል አይተዋል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሲመጣም ብዙዎች ያው ይደገማል ብለው አሰቡ። ጣቢያው ግን ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው፣ አሮጌው ከዚራ ላይ እንዳለው ከሰው መሃል አይደለም። በዙሪያው ቦታ የሚያሻሽጡ ሰዎች ሲመጡብህ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ፦ ዛሬ ማታ ዳቦ ስፈልግ የት እሄዳለሁ? ሊመጣ ላለው አስፋልት የዛሬ ብር አትክፈል።

የቤቱን ካርታ አይቶ የሰፈሩን አለማየት

ርካሽ ሰፈር ስታይ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ጨረቃ ቤት፣ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ነው። ለአንተ የሚያሳዩህ ካርታ ትክክለኛ ሊሆን ይችላል፤ ግን በዙሪያህ ያሉት አርባ ቤቶች ካርታ የላቸውም እንበል። አንድ ቀን ዶዘር ሲመጣ አንተ ባይፈርስብህም በፍርስራሽ መሃል ብቻህን ትቀራለህ። ስለዚህ የጎረቤቶቹንም ጠይቅ። ይዞታው ነባር ነው ወይስ ሊዝ? ለመኖሪያ ሊዝ 99 ዓመት ነው፤ ያልተከፈለ ቀሪ ካለ ወደ አንተ ይዞራል። ማስተር ፕላኑ ላይ ቦታው ምን እንደሆነ መሬት አስተዳደር ሄደህ በዓይንህ እይ። ኮሪደር ልማት ከመጣ ወዲህ "መንገድ ዳር ነው" የሚለው ምስጋና ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ከዚራን የሚወድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። እነዚያ ጥላ ያላቸው የሚያማምሩ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ የመንግሥት ናቸው። የቀበሌ ቤት ቁልፍ ሲሸጥልህ ቤት ገዛሁ እንዳትል። ውሉም ውልና ማስረጃ ፊት ያልቀረበ ከሆነ ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው።

ከደላላ ሌላ ማንንም አለመጠየቅ

ደላላ መጥፎ ሰው ነው አላልኩም፤ የሚበላው ከሽያጩ ነው እንጂ። ሽያጩ የማይመለከተውን ሰው ፈልግ። የእድሩ ጸሐፊ ወራሾች የተጣሉበትን ቤት ያውቃል። ባለሱቁ ማን በዱቤ እንደሚኖር፣ ማን ለሊት እንደሚጮህ ያውቃል። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ባጃጅ ነጂ ነው። ማታ 3 ሰዓት ከቀፊራ ገበያ ተነስተህ "እዚያ ሰፈር ታደርሰኛለህ?" በለው። ዝም ብሎ ካስነሳ ጥሩ። ዋጋ ከጨመረ መንገዱ መጥፎ ነው። "እስከ አስፋልቱ ብቻ" ካለህ ደግሞ ወርደህ ቀሪውን በእግርህ ሂድና ለምን እንዳለ እይ።

በቪዲዮ መግዛት

ይህ ለዱባይ፣ ለጂዳና ለካናዳ ሰዎች ነው። ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ስልኩን ይዞ ክፍሎቹን ሲያሳያችሁ የምታዩት ቤት ነው፣ ሰፈር አይደለም። ቪዲዮው ሳይቋረጥ ከግቢው ወጥቶ እስከ አስፋልቱ በእግሩ እንዲሄድ አድርጉ፣ ማታም አንድ ጊዜ። "ኔትወርክ የለም" ካለ ያም ራሱ ስለ ሰፈሩ የሚነግራችሁ ነገር አለ።

እኔ በመጨረሻ ሳቢያን የሚባለው ሰፈር ገባሁ። ውሃ በፈረቃ ነው፣ ከሰዓት ይሞቃል። በሩ ላይ ኒም ተክያለሁ፤ ትከሻዬ ጋ ደርሷል።