ሞተራችሁን እቤት ሰርቪስ ማድረግ (ደጋና ቆላ ለምንመላለስ)

ደብረ ብርሃን ላይ በህዳርና በታህሳስ ውርጭ ጠዋት አልነሳም ያለች ሞተር ሁሉ ተበላሽታለች ማለት አይደለም፣ ግማሹ ብርዱ ነው ግማሹ ደሞ የኛው ስንፍና። እኔ በስራ ምክንያት አንድ ቀን ደነባና እነዋሪ፣ ሌላ ቀን መሀል ሜዳ፣ አንዳንዴም ጣርማበርን ወርጄ ሸዋሮቢት የምል ሰው ነኝ፣ ድሮ ትንሽ ኮሽ ባለ ቁጥር ጋራዥ ነበር የምሮጠው። አንዴ ዳገት ላይ አልጎትት ስትለኝ ወሰድኳትና ካርቡራተሯ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው) አልቋል ይቀየር ተባልኩ፣ ብሩ ስላልነበረኝ እስከ ደሞዝ ልታገስ ብዬ ወደ ቤት መለስኳት፣ እሁድ ከቅዳሴ መልስ የአየር ፊልትሮውን ስከፍተው የመንዝ መንገድ አቧራ በሙሉ እዛ ውስጥ ተኝቷል። አጠብኩት፣ መለስኩት፣ ካርቡራተሩ እስከ ዛሬ ያው ነው። ስለዚ ከሱ እንጀምር።

ዕቃው ብዙ አይደለም፣ 10፣ 12፣ 14ና 17 ቁልፍ፣ የካንዴላ (ነዳጁን የሚለኩሰው እሳት የሚረጨው) ቁልፍ፣ ካቻቢቴ ሁለት አይነት፣ ፒንሳ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጨርቅ፣ ግማሽ ሊትር ላምባ፣ ጎኑ የተቆረጠ ጀሪካን። የኋላውን ፐርኖ (የጎማውን ዘንግ) ለመፍታት ከነዚህ የሚበልጥ ቁልፍ ሊያስፈልግ ይችላል፣ ከጎረቤት ይለመናል።

ፊልትሮው ስፖንጅ ከሆነ በላምባ እጠቡት፣ ከዛ በሳሙናና በውሃ፣ እየጨመቃችሁ እንጂ እንደ ልብስ እየጠመዘዛችሁ አይደለም፣ ይቀደዳል። ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ ከዛ ጥቂት ጠብታ የሞተር ዘይት አርጋችሁ በሁለት እጅ ጨመቅ ጨመቅ አርጉት እኩል እስኪዳረስ፣ አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው። በቤንዚን የሚያጥቡ አሉ፣ እሳቱም ያስፈራል ስፖንጁንም ይበላዋል፣ ተዉት። ወረቀት ከሆነ ግን ውሃም ላምባም አይነካውም፣ መታ መታ አርጎ ማራገፍ ነው፣ ጥቁር ካለ መቀየር። በበጋ አቧራ ላይ የሚውል ሰው በየሁለት ሳምንቱ ቢከፍተው አይበዛም፣ የሞተሯ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ያለው ኪሎሜትር ለአስፋልት የተጻፈ ነው የሚመስለኝ።

ካንዴላው ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም እዚጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ኢንጅኑ ሲቀዘቅዝ ፍቱት (አንዳንድ ባጃጅ ሰራሽ ሞተር ሁለት ካንዴላ አላት፣ ሁለቱንም)፣ ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ያለውን አፈር እፍ በሉት ሲሊንደር ውስጥ እንዳይገባ። ጫፉን ብርሃን ላይ ያዙና እዩት። ፈዘዝ ያለ ቡና አይነት፣ የብስኩት ቀለም ከሆነ ጤነኛ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ነዳጅ እያነሳት በጣም እየጋለች ነው። ዘይት የጠገበና እርጥብ ከሆነ ዘይት ወደ ላይ እያለፈ ነው፣ ያ የመካኒክ ስራ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነስ? ፊልትሮው ተዘግቶ ይሆናል፣ ቾኩ (በብርድ ለማስነሳት አየር የሚዘጋው) ሳይመለስ ቀርቶ ይሆናል፣ ወይም በቃ ደብረ ብርሃን ስለምትኖሩ ነው።

እየቀለድኩ አይደለም። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጣርማበር ከ3,000 ያልፋል፣ ሸዋሮቢት ደሞ 1,300 አካባቢ። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተር ግን ይሄን አያውቅም፣ ነዳጁን እንደ ቆላው ነው የሚለቀው፣ ስለዚ ነዳጁ በዝቶ አየሩ ያንሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጉልበትም ይቀንሳል። ብዙ ልጆች ደብረ ብርሃን ላይ ጠቆረብኝ ብለው የካርቡራተሩን ቪት ሲያዞሩ ይውላሉ፣ እሱ ደሞ በአብዛኛው የሚነካው ሚኒሞውን (ጋዝ ሳይሰጥ ቆማ ስትሰራ ያለውን) ነው፣ ወይ ውስጥ ያለውን ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበትን ቀዳዳ) በትንሽ ያስቀይራሉ፣ ከዛ ሸዋሮቢት ሲወርዱ በዛ ሙቀት ነዳጅ አንሷት ኢንጅኑ ይግላል። እንደኔ ሁለቱም ጋ የምትመላለሱ ከሆነ አትንኩት፣ ፊልትሮው ንጹህ ይሁን፣ ካንዴላውን በብሩሽ ጥረጉ፣ የጫፉን ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ አርጉ (የናንተን መጽሐፍ እዩ)፣ ትንሽ ጥቁረት ቻሉት። ኢንጀክሽን ያላት ከሆነች እራሷ ታስተካክላለች፣ ይሄ የካርቡራተሩ ነገር አይመለከታችሁም። ስትመልሱት መጀመሪያ በእጅ ብቻ እስከ መጨረሻው አሽከርክሩት፣ በቁልፍ ከጀመራችሁ ጥርሱ ተሻግሮ የሚበላሸው ካንዴላው ሳይሆን ኢንጅኑ ነው።

ዘይት ለመቀየር ኢንጅኑን ሶስት አራት ደቂቃ አስነስታችሁ ለብ ይበል፣ ቆሻሻው አብሮ ይወርዳል። ሜዳ ቦታ ቀጥ አርጋችሁ አቁሙ፣ ጀሪካኑን ከስር፣ ቡሎኑን ፍቱ፣ አስር ደቂቃ ተዉት። ቡሎኑ ስር ያለችውን የመዳብ ቀለበት አትጣሏት፣ ከተደፈጠጠች ግን ቀይሯት። ስታጠብቁ እንደኔ አትሁኑ፣ እኔ የመጀመሪያ ጊዜ እንዳይፈስ ብዬ ቁልፉ ላይ በእግሬ ቆምኩበት፣ አልሙኒየም መሆኑን መች አስቤ፣ ጥርሱ ተላጠና ከዘይቱ አምስት እጥፍ ከፍዬ አሰራሁት። በእጅ እስኪያቆም፣ ከዛ በአጭር ቁልፍ ጥብቅ፣ በቃ።

የሚገባው ዘይት ለአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ሲሲ 1 ሊትር አካባቢ ነው፣ ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ ኢንጅኑ ላይ ተጽፏል። ዋናው ነገር የሞተርሳይክል ዘይት መሆኑ ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ጃሶ ኤምኤ (JASO MA) የሚል ፈልጉ። አንዴ ከዘመድ መኪና የተረፈ ጥሩ ዘይት አለ ተባልኩና ሞላሁት፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስወጣ ኢንጅኑ ይጮሃል ሞተሯ አትሄድም፣ ፍሪሲዮኑ (የኢንጅኑን ጉልበት ለማርሽ የሚያስተላልፈው) ይንሸራተታል። ለካ የኛ ፍሪሲዮን እዛው ዘይት ውስጥ ነው የሚሰራው፣ የአንዳንድ መኪና ዘይት ደሞ እንዲያንሸራትት ተብሎ የሚጨመርበት ነገር አለ። ከሞላችሁ በኋላ ሁለት ደቂቃ አስነስታችሁ አጥፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ልኩን እዩ፣ ከላይኛው ምልክትም አይለፍ። የተቃጠለውን ዘይት ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ በርሜል ያለው ጋራዥ ስጡ።

ካቴና። ጥርስ ብሩሽ፣ ላምባ፣ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ማጽዳት። ኢንጅን አስነስቶ ማርሽ አስገብቶ እየዞረ የሚያጸዳ ሰው አይቻለሁ፣ ጣት የሚቆረጠው እንደዛ ነው፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ከደረቀ በኋላ የማርሽ ዘይት (90 የሚሉት) በውስጠኛው በኩል ጠብ ጠብ እያረጋችሁ አንድ ዙር፣ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ግራሶ የሚለቀልቁ አሉ፣ ግራሶ ከአቧራ ጋር ሲገናኝ ብርጭቆ ወረቀት ሆኖ ካቴናውንም ኮሮናውንም (ካቴናው የሚዞርበትን ጥርስ) ይፈጀዋል። ላልቶ እንደሆነ የታችኛውን መሀል በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉ፣ ጠቅላላ እንቅስቃሴው ለባጃጅ ቦክሰር አይነቷ ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ነው፣ የልጆች ማስመሪያ ይበቃል፣ ረጃጅሞቹ የገጠር ሞተሮች ከዚህ በላይ ይፈልጋሉ። ጎማውን እያዞራችሁ አራት አምስት ቦታ ለኩና በጣም የጠበቀበት ቦታ ላይ አስተካክሉ። የፐርኖውን ዳዶ አላሉ፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ማስተካከያዎች እኩል፣ ምልክቶቹን እየቆጠራችሁ፣ ካልሆነ ጎማው ይጣመማል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ከመላላቱ ይብሳል፣ ሰው ስትጭኑ ይወጠርና ኩሽኔታ ይበላል። የካቴናው መጋጠሚያ ክሊፕ የተዘጋ ጫፉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

የኋላ ጎማ ከነኩ በኋላ ፍሬን ሳያዩ መውጣት የለም፣ ካቴና ሲወጠር የፍሬኑም ልክ አብሮ ይቀየራል። ሸራ ያላቸው ፍሬኖች ብዙዎቹ ውጭ ላይ ትንሽ ቀስት አላቸው፣ ፍሬኑን ረግጣችሁ ቀስቱ ከምልክቱ ካለፈ ሸራው አልቋል። ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ለሚወርድ ሰው ደሞ ፍሬን ብቻውን አይበቃም፣ ሲግል ይሳሳል፣ በማርሽ ያዙ፣ ማርሹን ገለልተኛ አርጎ መውረድ ቤንዚን ቆጠብኩ ብሎ ነፍስ መስጠት ነው። የፊቱ ዲስክ ከሆነ የፍሬን ዘይቱን በመስታወቱ እዩ፣ ካነሰ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዶት 3 ወይም ዶት 4 ብቻ።

ጎማ ጠዋት ሳይሞቅ ነው የሚለካው፣ ብዙ ጊዜ ፊት 25 ኋላ 28 ፒኤስአይ፣ ሰው ከተጫነ ኋላ 32። ባትሪው ጫፎቹ ነጭ ዱቄት ካበቀሉ በሙቅ ውሃና በብሩሽ። ውርጭ ባለበት ጠዋት ቁልፉን ሳትከፍቱ ሶስት አራቴ በእግር ርገጧት፣ ዘይቱ ይላላል፣ ከዛ ቾክ አርጋችሁ አስነሱ፣ ስትሞቅ ቾኩን መመለስ እንዳትረሱ።

ስትጨርሱ ሰፈር ውስጥ አንድ ዙር ነድታችሁ ተመለሱ፣ የፈታችሁትን ቡሎን ሁሉ አንድ በአንድ በቁልፍ ነካ ነካ አርጉ፣ ማታ ከስሯ ካርቶን አንጥፉ፣ ከላይ ያረጀ ባና ጣል አርጉባት፣ ግን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሳይቀዘቅዝ አይደለም፣ የኔ ባና ላይ ያለው ቀዳዳ ከዛ የመጣ ነው። ጠዋት ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ወደ ስራ።