ከተማ፣ አካባቢ፣ ጦርነት፣ ሽብር፦ የሶሲዮሎጂ ጀማሪዎች ደጋግመው የሚስቷቸው ነገሮች

የሶሲዮሎጂ መግቢያ ኮርስ መጨረሻ ላይ አንድ የማይቀር ምዕራፍ አለ። ከተሜነት፣ አካባቢ፣ ጦርነትና ሽብርተኝነት እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ተጠጋግተው የተቀመጡበት ነው። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይደረስበታል። መምህሩ ይሮጣል፣ ተማሪው ሃንድአውት ኮፒ ያደርጋል፣ ፈተና ይመጣል።

የፍሬሽማን ወረቀት ለዓመታት አርሜያለሁ። ስህተቶቹ ከዓመት ዓመት ያው ናቸው። አንዳንዶቹን እኔም ተማሪ ሳለሁ በድፍረት ጽፌያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱን የአገር ውስጡን በእኛ አቆጣጠር፣ የውጩን እ.ኤ.አ. ብዬ እጽፋለሁ።

የከተማ መስፋትንና ከተሜነትን አንድ ማድረግ

«አዲስ አበባ በሰው ተጨናንቃለች፤ ስለዚህ አገሪቱ ከተሜ ሆናለች።» ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልቆጠርኩም። ከተሜነት ድርሻ ነው፦ ከመቶ ሰው ስንቱ ከተማ ይኖራል? የከተማ ማደግ ደግሞ ቁጥር ነው። ሁለቱ እኩል ላይራመዱ ይችላሉ።

የራሳችንን ቆጠራ እንይ። በ1987 ከሕዝባችን 14 ከመቶ የሚሆነው ከተማ ይኖር ነበር። በ1999 ድርሻው 16 ከመቶ ደረሰ። በዚያ መሀል ከተሞች ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ጨምረዋል፤ ግዙፍ ቁጥር ነው። ገጠሩ ግን በዚያው ጊዜ ከ15 ሚሊዮን በላይ ጨመረ። ስለዚህ ድርሻው ፈቀቅ ያለው በሁለት ነጥብ ገደማ ብቻ ነው።

አብራው የምትመጣ ትንሽ ስህተትም አለች። የጨመረው ሰው ሁሉ ከገጠር የፈለሰ ይመስለናል። ከተማ ውስጥም ልጅ ይወለዳል። ትናንት ገጠር ይባል የነበረ ቀበሌ ዛሬ በደብዳቤ ከተማ ይሆናል፤ ገበሬው ከቤቱ ሳይነቃነቅ ከተሜ ሆኖ ያድራል።

«ከተማ ሰውን ብቸኛ ያደርጋል» ብሎ መደምደም

ይህ የእኔ ስህተት ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ የሉዊስ ዎርዝን ሐሳብ ይዤ አንድ ረጅም ወረቀት ጻፍኩ። ዎርዝ የቺካጎ ሶሲዮሎጂስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ከተማን በሦስት ነገር ገለጸው፦ በብዛት፣ በጥግግትና በሰው ዓይነት መለያየት። ከእነዚህ የተነሳ የከተማ ግንኙነት ላይ ላዩን ብቻ ይሆናል አለ። እኔም አጨብጭቤ ተቀበልኩት። «በከተማ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም» ብዬ ጻፍኩ።

ወረቀቱን በምጽፍበት ሳምንት ከኛ ቤት በስተጀርባ ሰው ሞቶ ነበር። ሌሊት የዕድር ጡሩንባ ተነፋ። ሲነጋ ድንኳኑ ተተክሏል፣ አግዳሚው ተደርድሯል፣ ድስቱ ተጥዷል። እናቴ የሽሮ ድርሻዋን ይዛ ወጣች። እኔ በራችንን ዘግቼ «ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም» የሚለውን አሳምሬ እጽፋለሁ!

ዕድርን ልብ በሉ። የገጠር ቅሪት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ያበበው ከተለያየ አገር የመጡ፣ ሲሞቱ የሚቀብራቸው ዘመድ አጠገባቸው የሌለ ሰዎች ስለተሰበሰቡ ነው። ማለትም ዎርዝ ግንኙነትን ያላላል ያለው ነገር፣ የማይተዋወቀው ሰው ብዛት፣ እዚህ አዲስ ዓይነት ግንኙነት ወለደ። ኮንዶሚኒየም ሲመጣም የብሎክ ዕድር ወዲያው ተቋቋመ።

ዎርዝ ውሸታም ነው ማለቴ አይደለም። ብቸኝነትን የሚያመጣው የከተማ መጠን ብቻ እንዳልሆነ ለማለት ነው። ማስረጃው ደግሞ የመጣው ከራሱ ከቺካጎ ነው። ትንሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

አራቱን ርዕስ በአራት አጥር መለየት

ትልቁ ስህተት ይኸኛው ይመስለኛል። ተማሪው ስለ ከተማ ሲጠየቅ ስለ ሕንፃ ይጽፋል፤ ስለ አካባቢ ሲጠየቅ ስለ ዛፍ፤ ስለ ጦርነት ሲጠየቅ ስለ መድፍ።

ክፍል ውስጥ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ «ሰፈር ማለት ምን ማለት ነው?» ሁሉም ይስቃሉ። ቃሉ «ሰፈረ» ከሚለው ነው። ጦር ሲሰፍር። አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር የከተማ ፕላን አልነበራትም፤ የጦር ሰፈር ሥርዓት ነበራት። ግቢው መሀል፣ መኳንንቱ በየጉብታው፣ ወታደሩና ቤተሰቡ በየመኳንንቱ ዙሪያ። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ደጃች ውቤ፣ ራስ ተሰማ፤ ስማቸው እስከ እኛ ዘመን የደረሰው በሰፈር ስምነት ነው። በሰፈሮቹ መካከል የነበረው ባዶ ቦታ ቀስ በቀስ በሰው ሞላ። ሀብታምና ደሃ አጥር ለአጥር ተጎራብቶ የሚኖርበት የድሮው መሀል ከተማ መልክም ከዚሁ የመጣ ነው። ጌታና ሎሌ አንድ ላይ ነበራ የሰፈሩት።

አሁን አካባቢን አስገቡ። ያ ሁሉ ሠራዊት ይበላል፣ ያበስላል፣ ቤት ይሠራል። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ በዙሪያው ያለው ደን አለቀ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን መናገሻው ይነሳና እንጨት ወዳለበት ይሄዳል። አፄ ምኒልክም አስበውት ነበር። ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ርቆ አዲስ ዓለም ላይ ግንባታ ተጀመረ። ቤተ መንግሥት ይሆናል የተባለው በኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ ከቦታዋ ያልተነሳችው ከአውስትራሊያ በመጣ፣ ቶሎ በሚያድግ ዛፍ ምክንያት ነው። ባሕር ዛፍ!

የዚያ ዛፍ ነገር በዚያ አላበቃም። ከእንጦጦ ቁልቁል በሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እንጨት ተሸካሚ እናቶች ያየ ያውቃል። ሸክሙ ከቁመታቸው ይበልጣል፤ ወገባቸው ከመሬት ጋር ትይዩ ነው። አንዷ መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ሸክሟን ሳታወርድ አስደግፋ ስታርፍ አይቻለሁ። ካወረደችው ማን ያሸክማታል? በዚያች ድንጋይ ላይ ጦሩም፣ ከተማውም፣ ዛፉም፣ ድህነቱም አለ። በየትኛው አጥር ታስገቧታላችሁ?

«የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ማለፍ

ድርቅ የተፈጥሮ ነው፣ ረሃብ ግን የሰው ሥራ አለበት። የ1966ቱን የወሎ ረሃብ ያጠናው ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን የደረሰበት ነገር ያስደነግጣል። በአገር ደረጃ እህል ያን ያህል አልጠፋም ነበር። ደሴ ገበያ ላይም ዋጋው እንደሚጠበቀው አልናረም። ለምን? የተራበው ገበሬ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው። ጭራሽ ከወሎ ወደ ውጭ የወጣ እህል ነበር፤ ገንዘብ ያለው ገዢ ያለው ሌላ ቦታ ነበራ። መንግሥት ደግሞ ነገሩን ሸፋፈነው። ዝናቡን ብቻ የወቀሰ ወረቀት ከእኔ ግማሽ ማርክ ያገኛል።

ሁለተኛው ምሳሌ ቅርብ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 የአዲስ አበባው ቆሻሻ መድፊያ፣ ቆሼ፣ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ብዙ ተማሪ «የመሬት መንሸራተት» በሚል ርዕስ ያስቀምጠዋል። የተንሸራተተው ግን መሬት አልነበረም። ከተማው ለሃምሳ ዓመት ገደማ የጣለው ቆሻሻ ነው። ቦታው ሲመረጥ ከከተማ ውጭ ነበር፤ ከተማዋ ሰፍታ ከበበችው። በ2008 ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፤ ወራት ሳይቆይ ተዘጋ። መኪናው ወደ ቆሼ ተመለሰ። የከተማ ቆሻሻ የማን ደጅ ይደፋ የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ፤ ክምሩም ሌላ ቤት መከራየት የማይችሉ ሰዎች የላስቲክና የጭቃ ቤት ላይ ወደቀ።

ቺካጎን አልረሳሁም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1995 ከተማዋን ኃይለኛ ሙቀት መታት። ከወትሮው በላይ የሞተው ሰው 739 ሆነ። ኤሪክ ክላይነንበርግ የተባለ ሶሲዮሎጂስት ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ሰፈሮችን አወዳደረ፤ ሰሜን ላውንዴልንና ደቡብ ላውንዴልን። ፀሐዩ አንድ ነው። የደሃና የብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ድርሻም ተቀራራቢ ነው። የሙቀቱ ሞት ግን በሰሜኑ ከመቶ ሺህ ሰው 40 ሲሆን በደቡቡ 4 ገደማ ነው። በሰሜኑ ሱቁ ተዘግቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ሽማግሌው ፈርቶ በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። በደቡቡ መንገዱ ሕይወት አለው፤ አሮጊቷ ወጥታ የምትቀዘቅዝበት ሱቅ፣ ስትጠፋ «የት ሄደች?» የሚል ሰው አለ። እናቴ ያንን ሳታነብ ታውቀዋለች።

ድርቅን ቀጥታ ከጦርነት ጋር መስፋት

ይህ ስህተት ፋሽን ነው። «ሶርያ ደረቀች፣ ገበሬው ተፈናቀለ፣ ጦርነት ተነሳ።» ያምራል። ችግሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የነበረው ያ ድርቅ ኢራቅንና ሌሎች ጎረቤቶችንም ነክቷል፤ የሶርያው ዓይነት ጦርነት ግን ሁሉም ዘንድ አልተነሳም። የሶርያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 የናፍጣ ድጎማ ቆርጧል፤ በናፍጣ ፓምፕ የሚያጠጣ ገበሬ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2011 ዳርዓ ከተማ ላይ ለወጣው ሰልፍ የተሰጠው መልስ ደግሞ ጥይት ነበር። በድርቁና በጦርነቱ መሀል ያሉትን እርምጃዎች ቁጠሩ። አብዛኞቹ ሰው የወሰናቸው ናቸው።

ጦርነትን በጥላቻ ብቻ መተንተን

ሁለት ሰዎች ተጣልተው ይደባደባሉ። መቶ ሺህ ሰው ግን ስለተናደደ ብቻ አይዘምትም። የሚያዝዘው፣ የሚቀልበው፣ የሚመዘግበው ያስፈልገዋል። ሶሲዮሎጂስቱ ቻርልስ ቲሊ የሚታወቀው ጦርነት መንግሥትን ሠራ፣ መንግሥትም ጦርነትን ሠራ በሚለው ሐሳቡ ነው። ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከዓድዋ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ምኒልክ ለወታደር ቀለብ ብለው አሥራት ጣሉ፤ ወታደሩ ገበሬው ቤት ገብቶ እንዳይበላ። አያችሁ? ጦሩ ግብርን ወለደ፣ ግብሩ ጎተራንና ጸሐፊን ወለደ። ስለ ዓድዋ ስትጽፉ ጀግንነቱን አትተዉ፤ ግን ስንቁን ማን እንደፈጨውም ጻፉ።

ሽብርን የደሃና የታጣቂ ቡድን ሥራ ብቻ ማድረግ

ቃሉን ልብ በሉ፦ አሸበረ። ዒላማው የሞተው ሰው ሳይሆን የቀረው ነው። ማን እንዳደረገው ግን ቃሉ አይናገርም። በፈረንሳይ አብዮት እ.ኤ.አ. በ1793 ሽብሩን የፈጸመው መንግሥት ነበር። እኛ አገር በየካቲት 12 ቀን 1929 ከተማዋን ለሦስት ቀን ያሸበረው የጣልያን አገዛዝ ነው። በ1969 ደግሞ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የሞላ ጠርሙስ ከሰበሩ በኋላ የሆነውን በየቤታችሁ ጠይቁ። አስከሬኑ ወረቀት ተለጥፎበት መንገድ ላይ ይተው ነበር። ወረቀቱ የተጻፈው ለሬሳው አይደለም።

ስያሜውም ይለዋወጣል። ኔልሰን ማንዴላ የኖቤል ሽልማት ተቀብለው፣ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ ጡረታም ወጥተው እስከ 2008 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ የሽብር መዝገብ አልተፋቁም ነበር። በአገራችን ፓርላማው በ2003 አሸባሪ ያላቸውን ግንቦት ሰባትን፣ ኦነግንና ኦብነግን በ2010 ራሱ ሰረዘ። ድርጊቱንና ስያሜውን ለይታችሁ ጻፉ፤ ስያሜው ራሱ የሚጠና ነገር ነው።

«ድህነት አሸባሪ ያደርጋል» ለሚለው ደግሞ አንድ ሰው ላንሳ። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ የተፈጸመውን ጥቃት የመራው መሐመድ አታ ካይሮ አርክቴክቸር ተማረ። ከዚያ ሃምቡርግ ሄደ። ያጠናው የከተማ ፕላን ነው። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ሶርያዋ አሌፖ አሮጌ ከተማ ነበር። የዚያች ከተማ ጥንታዊ ገበያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በጦርነቱ ተቃጠለ።

ይህን ለክፍሉ ስናገር አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ ይሄኛው ፈተና ላይ በየትኛው ርዕስ ሥር ነው የሚመጣው?»