አሮጌ ላፕቶፕ የቤቱን ዋይፋይ አላይ ሲል

ስልክዎ የቤቱን ዋይፋይ ያያል፤ የልጆቹም ስልክ ያያል። ላፕቶፑ ግን ወይ የጎረቤት ስም ብቻ ይደረድራል፣ ወይ ዝርዝሩ ከነአካቴው ባዶ ነው። ደሴ ውስጥ ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ላፕቶፑን ይዞ ወደ ፒያሳ ይወርዳል፤ «የዋይፋይ ካርዱ ተቃጥሎ ይሆናል» ብሎም ለአዲስ ካርድ ገንዘብ ያዘጋጃል። አይቸኩሉ። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍበት ላፕቶፕ፣ ካርዱ ደህና ሆኖ ሳለ «አርጅቷል» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ በጣም ያሳዝነኛል።

ከሁሉ በፊት አንድ ጥያቄ ይመልሱ፦ ላፕቶፑ ምንም ዋይፋይ አያይም ወይስ የእርስዎን ብቻ? ለማወቅ የስልክዎን ሆትስፖት ይክፈቱና ከላፕቶፑ አጠገብ ያስቀምጡት። በሆትስፖቱ ቅንብር ውስጥ 2.4 ጊጋኸርዝ የሚል ምርጫ ካለ እሱን ይምረጡ። የሆትስፖቱ ስም ላፕቶፑ ላይ ከወጣ ካርዱ በሕይወት አለ፤ ችግሩን ዋይፋዩን በሚያሰራጨው ሳጥን፣ በራውተሩ ላይ ይፈልጉ። ካልወጣ ደግሞ ችግሩ ላፕቶፑ ውስጥ ነው። ይህን ሳይለዩ የሚደረግ ጥገና ሁሉ ግምት ነው።

ምንም የማያይ ከሆነ

የላፕቶፑን ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ። ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ከፊት ወይም ከጎን በኩል ዋይፋይን የምታጠፋ ትንሽ ተንሸራታች ማብሪያ አላቸው፤ ከቦርሳ ሲወጣ ወይም በጨርቅ ሲወለወል ሳይታወቅ ትጠፋለች። ማብሪያው ከሌለ ከላይ ከተደረደሩት የኤፍ ቁልፎች መካከል የአንቴና ምልክት ያለበትን ይፈልጉ፤ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ይዘው እሱን ይንኩት። የአውሮፕላን ምልክቱም በርቶ እንዳይሆን ይመልከቱ።

ቀጥሎ ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ያውጡት፤ ከዚያ ላፕቶፑ የሚበራበትን ቁልፍ ለ30 ሰከንድ ያህል ተጭነው ይያዙ። መልሰው ገጥመው ሲያበሩት ተኝቶ የቆየ ካርድ አንዳንዴ ይነቃል።

አሁንም ካልሆነ የዊንዶውስ ምልክቱን በቀኝ ጠቅታ ነክተው ዲቫይስ ማኔጀርን ይክፈቱ፤ ኔትወርክ አዳፕተርስ በሚለው ሥር ዋየርለስ የሚል ወይም 802.11 የሚል ቁጥር ያለበትን ስም ይፈልጉ። ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ካለበት ተዘግቷል ማለት ነው፤ በቀኝ ጠቅታ ይክፈቱት። ቢጫ ቃለ አጋኖ ካለበት ድራይቨሩ፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ ተበላሽቷል ወይም የለም። ስሙ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ በተለይ ዊንዶውስ በቅርቡ እንደ አዲስ ተጭኖ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ድራይቨሩ ነው።

ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር። ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው ስልክዎ ነው። በስልኩ ቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙትና በስልኩ ቅንብር ውስጥ ዩኤስቢ ቴተሪንግ የሚለውን ያብሩ፤ ዊንዶውስ 10 አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ነገር ይቀበለዋል። ከዚያ ከላፕቶፑ ጀርባ የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ይዘው አምራቹ ድርጅት ድረ ገጽ ላይ ይግቡ። ድራይቨር ሁሉ በአንድ ላይ እንሰጣለን ከሚሉ ሌሎች ገጾች ግን ይራቁ፤ ከድራይቨሩ ጋር ያልጠየቁትን ብዙ ነገር ይጭናሉ።

የእርስዎን ብቻ የማያይ ከሆነ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ላፕቶፑም ሳይበላሽ የሚወቀሰው እዚህ ነው። በስልክዎ የራውተሩን ገጽ ይክፈቱ። አድራሻው፣ የመግቢያ ስሙና የይለፍ ቃሉ ከራውተሩ ሥር በተለጠፈችው ወረቀት ላይ ይገኛሉ፤ በብዙዎቹ አድራሻው 192.168.1.1 ነው።

መጀመሪያ ሞገዱን ይመልከቱ። አዳዲስ ራውተሮች በ2.4 እና በ5 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ፤ ብዙ አሮጌ ካርዶች ግን 2.4ን ብቻ ነው የሚያውቁት። 2.4 ጠፍቶ ከሆነ ያብሩት። ሁለቱ በአንድ ስም ከተጠሩም ለየብቻ ስም ይስጧቸው፤ የቱ እንደሚታይና የቱ እንደማይታይ ወዲያው ያውቃሉ።

ከዚያ ቻናሉን፣ ማለትም ራውተሩ በሞገዱ ውስጥ የሚሠራበትን መስመር፣ ይመልከቱ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ላፕቶፕ ከሆነ ይህን ልብ ይበሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ በብዙ አገር ከ1 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች ይሠራሉ፤ አሜሪካ ውስጥ የተለመዱት ግን እስከ 11 ያሉት ናቸው። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የተሠሩ ብዙ ካርዶች 12ን እና 13ን አይሰሙም። ራውተሩ ቻናሉን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ መብራት ሄዶ ሲመጣ እንደገና ሊመርጥ ይችላል፤ 13 ላይ ያረፈ ዕለት ትናንት ሲሠራ የዋለው ላፕቶፕ ዛሬ የእርስዎን ዋይፋይ አያይም። ስልኩ ግን ያያል፤ ሰዉም «እንግዲያው የተበላሸው ላፕቶፑ ነው» ይላል። ቻናል ከሚለው ጎን አውቶ የሚለውን በ1፣ በ6 ወይም በ11 ይተኩና ያስቀምጡ።

ሦስተኛው የሚገጥመው ራውተሩ አዲስ፣ ዋይፋይ 6 የሚባለው ሲሆን ነው። በአሮጌ ድራይቨር የሚሠሩ አንዳንድ የኢንቴል ካርዶች እንዲህ ያለውን ኔትወርክ ከዝርዝራቸው ይዘሉታል። ድራይቨሩን ያድሱ፤ ካልተገኘ በራውተሩ ገጽ የ2.4ን ዓይነት 802.11ቢ/ጂ/ኤን ወደሚለው ይመልሱት። የዋይፋዩ ስም እንዲደበቅ ተደርጎ እንደሆነም በዚያው ይዩ። ስሙ ታይቶ «መገናኘት አልተቻለም» የሚል ከሆነ የደኅንነቱን ዓይነት ከደብሊውፒኤ3 ወደ ደብሊውፒኤ2 ይቀይሩ።

ቅርብ ሲሆን ብቻ የሚያይ ከሆነ

ራውተሩ ሳሎን ሆኖ ላፕቶፑ ግቢው ውስጥ ባለው ሰርቪስ ቤት ከሆነ የቆርቆሮውን ነገር አይርሱ። የድንጋይ ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል፤ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ አውጥተው ከፍ አድርገው በመስኮት በኩል ያስቀምጡት። ላፕቶፑ ራውተሩ አጠገብ ሆኖም ምልክቱ አንድ መስመር ብቻ ከሆነ ግን አንቴናው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ካርዱ ላይ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ጥቁር አንዱ ነጭ፣ እንደ ልብስ ቁልፍ ጠቅ ብለው ይገጠማሉ፤ ማራገቢያ ሲጸዳ ወይም ሃርድ ዲስክ ሲቀየር ይላቀቃሉ። ላፕቶፑ ቀደም ሲል ተከፍቶ የሚያውቅ ከሆነ ይህን ለባለሙያው ይንገሩት።

ካርዱ በእርግጥ ሞቶ ከተገኘም የውስጥ ካርድ ለመግዛት አይጣደፉ። አንዳንድ የቆዩ ኤችፒና ሌኖቮ ላፕቶፖች አምራቹ ያልፈቀደውን ካርድ ሲያዩ አንነሳም ይላሉ። በዩኤስቢ የሚሰካ የዋይፋይ ዶንግል ይሻላል፤ ሲገዙ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱና ሱቁ ውስጥ ሰክተው በስልክዎ ሆትስፖት ይሞክሩት። በተለይ ድጋፉ በ2020 እ.ኤ.አ. የተቋረጠው ዊንዶውስ 7 ካለዎት የዶንግሉን ድራይቨር እንደሚቀበል እዚያው ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። ላፕቶፑ ከራውተሩ አጠገብ ካለ ጠረጴዛ የማይነሳ ከሆነ ግን ዶንግልም አያስፈልግዎትም፤ የኔትወርክ ገመድ ገዝተው ይሰኩት።