አእምሮንና ቋንቋን እንደ ተለዋዋጭ ሥርዓት ሲያጠኑ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ተለዋዋጭ ሥርዓት ማለት ሁኔታው ከጊዜ ጋር በሕግ የሚለወጥ ነገር ነው። ትልቁ ስህተት «አእምሮ ተለዋዋጭ ሥርዓት ነው» ብሎ እዚያው ላይ ማቆም ነው። የሚለወጠው መጠን የትኛው ነው? ምን ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ይለወጣል? ለውጡን የሚገልጸው እኩልታስ? እነዚህ ካልተመለሱ አባባሉ ከዘይቤ አያልፍም።

በጣትዎ ይሞክሩት። ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶች ቀስረው እንደ መኪና ዝናብ መጥረጊያ አብረው ወደ ቀኝ፣ አብረው ወደ ግራ ያወዛውዙ። ቀስ በቀስ ያፍጥኑ። የሆነ ፍጥነት ላይ ጣቶቹ ሳያዟቸው ወደ ውስጥ መቀራረብና ወደ ውጭ መራራቅ ይጀምራሉ፤ ቢያዘገዩም ወደ ቀድሞው አይመለሱም። ተመራማሪዎቹ ሃከን፣ ኬልሶና ቡንዝ እ.ኤ.አ. በ1985 ይህን በአንድ እኩልታ ገለጹት። የሚለወጠው በሁለቱ ጣቶች መካከል ያለው የዑደት ልዩነት ነው፦ እንደ ዝናብ መጥረጊያ ሲሄዱ 180 ዲግሪ፣ ሲቀራረቡና ሲራራቁ 0። ፍጥነቱ ሲጨምር 180ው መርጋቱን ያጣል፣ 0 ብቻ ይቀራል። እንግዲህ ፍጥነትን «ቀይሩ» ብሎ እንደሚያዝ አካል አድርጎ መጻፍ ስህተት ነው። ፍጥነት የቆዩበትን ሁኔታ ይንዳል እንጂ መድረሻውን አይነግራቸውም።

«ተለዋዋጭ ከሆነ ውክልና (በውስጡ ሆኖ ሌላን ነገር የሚወክል ምልክት) የለውም» የሚለውም ችኮላ ነው። ፈላስፋው ቫን ጌልደር እ.ኤ.አ. በ1995 የዋትን የእንፋሎት ሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ ምሳሌ አደረገ፦ ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይከፈታሉ፣ የእንፋሎቱ ቫልቭ ይጠባል፣ በመሀል ስሌትም ውክልናም የለም አለ። ሌላው ፈላስፋ ቤክቴል ግን ኳሶቹን የያዘው ክንድ ማዕዘን ፍጥነቱን ይወክላል ብሎ ሞገተ፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። ስሌትን መካድና ውክልናን መካድ ለየብቻ ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ከ8 እስከ 12 ወር ያለ ሕፃን መጫወቻውን ደጋግሞ ከአንድ ቦታ ሲያወጣ ቆይቶ፣ ዓይኑ እያየ ሌላ ቦታ ቢደበቅበትም እጁን ወደ ቀድሞው ይሰዳል። «የዕቃ ጽንሰ ሐሳብ ስለሌለው ነው» ብለው ፋይሉን አይዝጉ። ተቀምጦ ሲፈልግ የነበረውን ሕፃን መደበቂያው ሲቀየር በእግሩ ቢያቆሙት ስህተቱ ይቀንሳል፤ መቆም ደግሞ ጽንሰ ሐሳብ አይሰጥም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቴለንና ባልደረቦቿ ምክንያቱን የፈለጉት በእጁ ልማድ፣ በእይታውና በመጠበቂያው ጊዜ ድምር ውስጥ ነው።

በቋንቋ ሙከራ የሚሠራው ስህተት ረቂቅ ነው። ሰው ቃል ሰምቶ ከሁለት ሥዕሎች አንዱን በማውስ ሲመርጥ፣ ስማቸው ተመሳሳይ አጀማመር ካለው የማውሱ መንገድ ወደ ተፎካካሪው ያጋድላል፤ ይህም ሁለቱ ቃላት በአእምሮ ውስጥ ቀስ በቀስ እንደሚፎካከሩ ማሳያ ተደርጎ ይወሰዳል። ግን አማካዩን ብቻ አይመልከቱ። ግማሹ ሙከራ ቀጥ ያለ፣ ግማሹ ተሳስቶ በድንገት የታጠፈ ቢሆን፣ አማካዩ ማንም ያልሄደበት ለስላሳ ኩርባ ይሆናል። እያንዳንዱን መንገድ ለየብቻ ይሳሉና የኩርባዎቹ ሥርጭት አንድ ጉብታ ወይስ ሁለት እንዳለው ያረጋግጡ። በአማርኛ «በቅሎ»ንና «በቆሎ»ን ለማጣመር ያሰበ ደግሞ፣ መጥበቅና መላላትን ጨምሮ ድምፃቸው የት ላይ እንደሚለያይ አስቀድሞ በሚሊሰከንድ ይለካ።