የሰውነት ቅርጽን ለመለወጥ ከሐዋሳ ኑሮ የሚነሣ መመሪያ

ቦርጩን ለመቀነስ ወይም ሰውነቱን ለማጠንከር የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከከባዱ ይጀምራል። በአንድ ሳምንት ውስጥ እንጀራ ይተዋል፣ ጂም ይመዘገባል፣ ጎሕ ሳይቀድ ለሩጫ ይወጣል፤ ወር ሳይሞላው ደግሞ ሁሉንም በአንድነት ያቆማል። ይህ የፈቃድ ድክመት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ሰውነት የሚለወጠው ለወራት በተደጋገመ ተግባር ነው፤ ለወራት የሚደጋገመው ደግሞ ከሥራ ሰዓት፣ ከቤተሰብ ማዕድና ከገቢ ጋር የማይጋጨው ብቻ ነው። ስለዚህ ሐዋሳ ላይ የሚኖር ሰው አስቀድሞ ሊመረምረው የሚገባው የሌላ አገር የምግብ ዝርዝርን ሳይሆን የራሱን ድስት፣ የራሱን ስኒና በየቀኑ የሚመላለስበትን መንገድ ነው።

ከሁሉ በፊት ወገብዎን ይለኩ። ለዚህ ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙበት ሜትር ይበቃል። ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ ቆመው፣ ትንፋሽዎን በዝግታ ካስወጡ በኋላ፣ በመጨረሻው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ባለው ቦታ ሜትሩን ሳያጠብቁ ያዙሩት። የወገብ ዙሪያ ከቁመት ግማሽ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሰው ወገቡ ከ85 እንዳይበልጥ ቢጠነቀቅ መልካም ነው። ልኬቱን በየሁለት ሳምንቱ ይመዝግቡ። በሚዛን ብቻ መመራት ያሳስታል፤ ምግብ በቀነሰ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወርደው ኪሎ በአብዛኛው ውኃ ሲሆን፣ ጡንቻ እየገነባ ስብ የሚያጣ ሰው ደግሞ ልብሱ እየሰፋው ኪሎው ባለበት ሊቆይ ይችላል።

ወደ ምግቡ ስንመጣ፣ እንጀራን ጥፋተኛ ማድረግ የተለመደ ቢሆንም ትክክል አይመስለኝም። ጤፍ ፕሮቲንም አሰርም ያለው እህል ነው፤ የሚያስፈልገው መጠኑን ማወቅ ነው። በብዙ ቤቶች ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው የቁሌቱ ዘይት ነው። አንድ ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ሲይዝ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን ወይም ካርቦሃይድሬት የሚይዘው 4 ያህል ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ካሎሪ ስለሚሆን፣ ያንን ለማካካስ መካከለኛ ክብደት ያለው ሰው ግማሽ ሰዓት ገደማ ፈጠን ብሎ መራመድ አለበት። ዘይቱን ከጀሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ማፍሰስ ትቶ በማንኪያ መለካት፣ ሽንኩርቱንም በደረቁ ጀምሮ ጠብ ጠብ በሚል ውኃ አቁላልቶ ዘይቱን በመጨረሻ መጨመር፣ ጣዕሙን ብዙም ሳይጎዳ ለመላው ቤተሰብ የሚጠቅም ለውጥ ነው። ወጥ የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ይህን በአክብሮት ተነጋግሮ መስማማት ያስፈልጋል፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተለየ ድስት መጣድ ብዙ ጊዜ አይዘልቅም።

ሁለተኛው ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል፤ የኋለኛው በቀን 25 ግራም ወይም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሁለት ሁለት ማንኪያ ጨምሮ ሦስት ጊዜ ቡና ወይም ሻይ የሚጠጣ ሰው ለስላሳ ሳይቀምስ እዚያ ይደርሳል። በአንድ ጊዜ ከማቆም ይልቅ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ መቀነስ ይሻላል፤ ምላስ ቀስ በቀስ ይለምደዋል።

በአካባቢያችን ዘወትር የሚበላው ቆጮ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ፕሮቲኑ እጅግ አነስተኛ ነው። ስለዚህ ከጎመንና ከአይብ፣ ከባቄላ ወይም ከዓሣ ጋር ሲቀርብ የተሟላ ምግብ ይሆናል። ከሐይቁ የሚወጣው ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ስቡ ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ የሆነ ምግብ ነው፤ ነገር ግን ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሲጠበስ ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በሾርባ፣ በወጥ ወይም በእሳት ላይ ተጠብሶ ቢበላ ይመረጣል። ጿሚዎች ሽሮን፣ ምስርንና ክክን እንደ ዋና የፕሮቲን ምንጭ ቆጥረው በቂ መጠን ይመገቡ፤ ከጾም ሰዓት በኋላ በችኮላ አብዝቶ ከመብላትም ይጠንቀቁ።

እንቅስቃሴን በተመለከተ፣ ለአዋቂዎች የሚመከረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ የሚደርስ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ነው። መካከለኛ ማለት እየሄዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የሚያቅትበት ፍጥነት ነው። የከተማው ሜዳማነት ለእግርም ለብስክሌትም ይመቻል። ባጃጅ የሚሳፈር ሰው ከመድረሻው አስር ደቂቃ ቀድሞ ወርዶ ቀሪውን በእግሩ ቢጓዝ፣ ጠዋትና ማታ በሚደጋገም መንገድ በአምስት የሥራ ቀናት 100 ደቂቃ ያገኛል። ቅዳሜ ወይም እሑድ የታቦርን ተራራ ከጓደኛ ጋር መውጣት የቀረውን ይሞላል፤ ዳገት ለልብም ለጭንም ትልቅ ሥራ ነው። በሐይቁ ዳር የሚራመዱ ሰዎች ሣርና ቄጠማ ወዳለበት ዳርቻ በጨለማ እንዳይጠጉ አሳስባለሁ፤ ጉማሬ ለግጦሽ የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ምሽት ላይ ደግሞ በወባ ምክንያት እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበሱ።

የሆድ ስፖርት ብቻ መሥራት የሆድን ስብ ለይቶ አያጠፋም፤ ስብ የሚወጣው ከመላው ሰውነት ነው። ቅርጽን የሚለውጠው ትልልቆቹን ጡንቻዎች ማሠራት ነው። ቁጢጥ ብሎ መነሣት፣ መጀመሪያ በግድግዳ፣ ቀጥሎ በጠረጴዛ፣ በመጨረሻም በወለል ላይ ፑሽአፕ መሥራት፣ ውኃ የተሞላ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን ወገብን ሳያጎብጡ ማንሣት ለጀማሪ ይበቃሉ። ሲቀልልዎ ድግግሞሹን ወይም ክብደቱን ይጨምሩ፤ ጭማሪ ከሌለ ጡንቻ የሚጠነክርበት ምክንያት አይኖረውም።

ልማድ የሚጸናው ቀድሞ ካለ ተግባር ጋር ሲታሰር ነው። «ስፖርት እሠራለሁ» ከሚል ሐሳብ ይልቅ «ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እንዳወለቅሁ አስር ጊዜ ቁጢጥ ብዬ እነሣለሁ» የሚለው ይፈጸማል። በፈረቃ የሚሠሩ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኞች ተግባሩን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከፈረቃው ማብቂያ ጋር ቢያያይዙት ፈረቃ ሲቀያየር አይፈርስባቸውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ጥናት አንድ ተግባር ያለ ብዙ ማሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ፣ ከሰው ሰውም ከ18 እስከ 254 ቀን እንደሚለያይ አሳይቷል። አንድ ቀን መዝለልም ሂደቱን እንዳላበላሸ ያው ጥናት ገልጿል። ሠርግ ወይም የፋሲካ ሰሞን ቢያቋርጥዎ በማግስቱ ከዚያው ይቀጥሉ፤ ለማካካስ ብለው አይራቡ።

እንቅልፍ ከሰባት ሰዓት አይነስ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ረኀቡ ይበረታል። የስኳር ሕመም መድኃኒት የሚወስዱ፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው፣ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ምግባቸውን ከመቀነሳቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ለሌላው ሰው በሳምንት ግማሽ ኪሎ መቀነስ በቂ ፍጥነት ነው። የወገብ ልኬትዎ ለአንድ ወር ካልተንቀሳቀሰ አዲስ ዘዴ ከመፈለግዎ በፊት ለሦስት ቀን የዘይቱንና የስኳሩን ማንኪያ እንደገና ይቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሳይታወቅ የተመለሰው እሱ ነው።